ርካሽ የፂም ብሩሽ እንዴት ልምረጥ? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ከእሑድ በቀር ፂሜን በየቀኑ እላጫለሁ። የመላጫ ሳሙናውን በብሩሽ እየቀባሁ መላጨት ከጀመርኩ ዓመታት አልፈዋል። ይህን የሚያውቁ የመሥሪያ ቤት ባልደረቦቼ፣ ጎረቤቶቼ፣ ከመሐል ሜዳና ከአንኮበር የሚደውሉ ዘመዶቼ ብዙ ይጠይቁኛል። ጥያቄዎቹ ስለሚመሳሰሉ እዚህ አንድ ላይ መለስኳቸው። የማወራው ስለ ርካሽ ብሩሽ ነው። ገንዘብ ያለው ውዱን ገዝቶ ይሄዳል፤ ርካሹን መግዛት ግን ዓይን ይፈልጋል።

ብሩሽ ለምን ያስፈልጋል? በእጅ መቀባት አይበቃም?

ደረቅ ፂም ጠንካራ ነው። ውሃ ሲጠጣ ግን ይለሰልሳል፤ ምላጩም ሳይጎትተው ይቆርጠዋል። ውሃውን ለመጠጣት ሁለት ሦስት ደቂቃ ይፈልጋል። በእጁ የሚቀባ ሰው ይህን ጊዜ አይሰጠውም። ቀብቶ ወዲያው ምላጭ ያነሳል። በብሩሽ ስታሹ ጊዜው ሳታውቁት ያልፋል። ሙቅ ውሃውና ሳሙናው እስከ ፂሙ ሥር ይደርሳል። ቆዳ ላይ ተኝቶ የነበረው ፀጉርም ቀና ይላል።

የገንዘብ ጉዳይም አለ። ብሩሽ ከጠጣር ሳሙና ላይ ጥቂት ወስዶ ብዙ አረፋ ያወጣል። አንድ የመላጫ ሳሙና ለወራት ይሄዳል። በቆርቆሮ የሚሸጠው ፎም በዚህ አይወዳደርም።

ምን ምን ዓይነት አለ? ለዕለት ተዕለት የቱን ልግዛ?

ገበያ ላይ ያለው በአራት ይከፈላል፦ የባጀር፣ የአሳማ፣ የፈረስ ፀጉርና ሰው ሠራሽ። ቶሎ መልስ ለምትፈልጉ፣ ሰው ሠራሹን ግዙ። ምክንያቱን ልንገራችሁ።

ባጀር ጉድጓድ ቆፍሮ የሚኖር የዱር እንስሳ ነው። ለብሩሽ የሚሆነው ፀጉሩ በብዛት የሚመጣው ከቻይና ነው። ጥሩው ለስላሳ ነው፣ ውሃ በደንብ ይይዛል፣ ዋጋው ግን አይቀመስም። ርካሽ ባጀር ካገኛችሁ ደግሞ ብዙ ጊዜ ጫፉ ይወጋል። ሳጥኑ ላይ «ፒዩር»፣ «ቤስት»፣ «ሱፐር» የሚሉ ደረጃዎች ታያላችሁ። እነዚህን ስሞች እያንዳንዱ አምራች በራሱ መንገድ ነው የሚሰጠው። ሁሉንም የሚያስገድድ አንድ መለኪያ የለም። ስለዚህ በስሙ ብቻ አትታለሉ።

የአሳማ ፀጉር ብሩሽ በዓለም ላይ ለረጅም ጊዜ የርካሽ ብሩሾች ንጉሥ ሆኖ ኖሯል። ቦሎኛ ላይ ከ1931 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ብሩሽ የሚሠራው የጣሊያኑ ኦሜጋ ስሙ የሚነሳው በብዛት በዚህ ነው። ጠንካራ ነው፣ ሳሙናውን ቆፍሮ ያነሳል። ነገር ግን ትዕግሥት ይፈልጋል። ከመጠቀማችሁ በፊት ጥቂት ደቂቃ ውሃ ውስጥ መዘፍዘፍ አለበት። መጀመሪያ የእንስሳ ሽታ ይኖረዋል። ጫፉ ተሰንጥቆ እስኪለሰልስ ሳምንታት ይፈጃል። ለእኛ አገር ሰው ሌላም ጉዳይ አለበት፣ ወደ ታች እመለስበታለሁ።

የፈረስ ፀጉር በሁለቱ መካከል ነው። የሚሠራው ከጋማና ከጭራ ፀጉር ነው። ፈረሱን መግደል አያስፈልግም። ጥሩ ብሩሽ ነው፤ እኛ አካባቢ ግን በቀላሉ አይገኝም።

ሰው ሠራሹ የቀጭን ፕላስቲክ ክር እስር ነው። የድሮው ናይለን ሸካራ ነበር፤ ብዙ ሰው እሱን አስታውሶ ይሸሻል። የዛሬው ክር ጫፉ ላይ እየቀጠነ ስለሚሄድ ፊት ላይ ለስላሳ ነው። መዘፍዘፍ አይፈልግም። ሽታ የለውም። ክሩ ራሱ ውሃ ስለማይጠጣ ቶሎ ይደርቃል። በየቀኑ ለሚላጭ ሰው ዋናው ይህ ነው፦ ትናንት የተጠቀማችሁበት ብሩሽ ዛሬ ጠዋት ደርቆ ሊጠብቃችሁ ይገባል። በሐምሌና በነሐሴ፣ ሰማዩ ተደፍኖ ልብስ እንኳን ሦስት ቀን ሲሰጣ አልደርቅ በሚልበት ጊዜ፣ የእንስሳ ፀጉር ብሩሽ እንደራሰ ይከርማል።

የአሳማ ፀጉር ከሆነ አልፈልግም። እንዴት ልለየው?

ተገቢ ጥያቄ ነው። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አሳማ በማይቀምስበት አገር፣ የአሳማ ፀጉር ፊቱ ላይ ማሻሸት የሚከብደው ሰው ብዙ ነው። ሻጩ ብዙ ጊዜ ምን እንደሆነ አያውቅም። እናንተ ማወቅ ትችላላችሁ።

መጀመሪያ ጽሑፉን ተመልከቱ። «ቦር» የሚል ካለ የአሳማ ነው፤ «ብሪስል» ብቻ ካለም ብዙ ጊዜ የአሳማ ነው። «ሲንተቲክ»፣ «ናይለን» ወይም «ፋይበር» ካለ ሰው ሠራሽ ነው። ቀለሙን አትመኑት። ሰው ሠራሹን ባጀር እንዲመስል ጥቁርና ነጭ አድርገው ይቀቡታል።

ጽሑፍ ከሌለው አንድ ፀጉር ብቻ ንቀሉና በክብሪት ለኩሱት። ፕላስቲክ ከሆነ ይኮማተራል፣ ጫፉ ላይ ትንሽ ጠጣር ጠብታ ይሠራል፣ የሚሸተውም እንደ ተቃጠለ ፌስታል ነው። የእንስሳ ከሆነ እንደ ተቃጠለ ቀንድ ወይም እንደ በግ ጭንቅላት ጥብስ ይሸታል። የተረፈውን በጣታችሁ ስትፈጩት አመድ ይሆናል። ይህ ሙከራ የትኛው እንስሳ እንደሆነ አይነግራችሁም። ፕላስቲክ መሆን አለመሆኑን ግን ቁርጥ አድርጎ ይነግራችኋል።

መንዝ የበግ ፀጉር ሞልቶ፣ የፈረስ ጭራ ሞልቶ፣ ራሴ ብሠራስ?

ይህን የጠየቀኝ የአጎቴ ልጅ ነው። ሐሳቡን ወድጄዋለሁ። ግን አይሆንም።

የበግ ፀጉር ለባና ነው የተፈጠረው። በሙቅ ውሃና በሳሙና ሲታሽ እርስ በርሱ ተያይዞ ይጠጥራል። የሱፍ ሹራቡን በፈላ ውሃ አጥቦ ያበላሸ ሰው ይህን ያውቃል። የብሩሽ ሥራ ደግሞ በየቀኑ በሙቅ ውሃና በሳሙና መታሸት ነው። በሳምንቱ ጉጥ ይሆንባችኋል።

የፈረስ ጭራ ጠንካራ ነው፤ የማሲንቆ ክር ሆኖ የሚዘፍነው እሱ ነው። ችግሩ ጫፉ ላይ ነው። ብሩሽ ለስላሳ የሚሆነው ፀጉሩ በተፈጥሮው የቀጠነ ጫፍ ሲኖረው ነው። በመቀስ የተቆረጠ ጫፍ እንደ እሾህ ይወጋል። በዚሁ አጋጣሚ፣ የገዛችሁትም ብሩሽ ረዘመብኝ ብላችሁ ጫፉን እንዳትቆርጡት። ያኔ አበቃለት።

ሌላም ምክንያት አለ፣ የሚቀጥለው ጥያቄ ላይ ነው።

የእንስሳ ፀጉር በሽታ አያመጣም?

አምጥቶ ያውቃል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የእንግሊዝና የአሜሪካ ወታደሮች፣ ሲቪሎችም ጭምር፣ ከፂም ብሩሽ አባ ሰንጋ ይዟቸዋል። አዎ፣ ከብቶቻችንን የሚገድለው ያው አባ ሰንጋ። ብሩሾቹ በደንብ ካልጸዳ የፈረስ ፀጉር የተሠሩ ነበሩ። የአባ ሰንጋ ዘር ፀጉርና ቆዳ ላይ ደርቆ ለዓመታት ይቆያል። ምላጭ የቧጨረው ፊት ላይ ሲታሽ ይገባል።

ከዚያ በኋላ ፀጉሩን በፋብሪካ ማጽዳት ግዴታ ሆነ። ዛሬ ከሱቅ የምትገዙት አዲስ ብሩሽ በዚህ አያስፈራም። ከ1930 እ.ኤ.አ. በፊት የተሠራ ያረጀ ብሩሽ ግን፣ ቅርስ ነው ተብሎ ቢሰጣችሁም፣ መደርደሪያ ላይ ይቀመጥ። ካልታወቀ ከብት ፀጉር ቆርጣችሁም ብሩሽ አትሥሩ።

መጠኑ ምን ያህል ይሁን?

የፀጉሩ እስር ከሥሩ፣ እጀታው ውስጥ የሚገባበት ቦታ ላይ፣ ከ22 እስከ 24 ሚሊ ሜትር ስፋት ቢኖረው ይበቃል። ሜትር ይዛችሁ ሱቅ አትሄዱም፤ ስለዚህ የአንድ ብር ሳንቲም አስጠጉበት። ከሳንቲሙ ትንሽ ጠበብ ካለ ልክ ነው። ከእጀታው በላይ ያለው የፀጉር ርዝመት 50 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሁን። ረጅም ሲሆን ይልፈሰፈሳል፣ አጭር ሲሆን ይወጋል።

ሱቅ ውስጥ ቆሜ ምን ልፈትሽ?

እዚህ ላይ አትቸኩሉ። ሻጩ ቢሰለችም ይሰልች።

ጫፉን በእጃችሁ ጀርባ ላይ ጫን አድርጉና ዞር ዞር አድርጉት። ፀጉሩ እንደ አበባ መከፈት አለበት። ስታነሱት ደግሞ ወዲያው ይሰብሰብ። ተከፍቶ እንደተንጋደደ የሚቀር ከሆነ ወገብ የለውም፤ ፊት ላይ ሳሙና መግፋት አይችልም። እንደ መርፌ ከወጋችሁም ተዉት። እጅ ላይ የወጋ ጉንጭ ላይ ያቆስላል።

ቀጥሎ ፀጉሩን በሁለት አውራ ጣቶቻችሁ መሐል ለመሐል ክፈቱትና ወደ ታች እዩ። ሙጫው በቀላሉ ከታያችሁ ፀጉሩ ስስ ነው። ርካሽ ብሩሽ ላይ የሚሰርቁት እዚህ ነው። ከውጭ ጎፈሬ ይመስላል፤ ውስጡ ባዶ ነው። ጥሩው ብሩሽ ጥቅጥቅ ብሎ ጣታችሁን ይከለክላል።

ከዚያ በጣታችሁ አሥር ጊዜ ያህል አበጥሩት። አንድ ሁለት ፀጉር ቢወጣ ችግር የለም። እፍኝ ሙሉ ከወጣ መልሱት።

በመጨረሻ እስሩን በአንድ እጅ፣ እጀታውን በሌላ እጅ ይዛችሁ ቀስ ብላችሁ ጠምዘዝ አድርጉት። ምንም መነቃነቅ የለበትም። ይህን የተማርኩት ከራሴ ነው። አንድ ጊዜ ከአንድ ሱቅ እጀታው የሚያምር ብሩሽ ገዛሁ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት፣ ግራ ጉንጬን ስቀባ፣ እጀታው ባዶውን እጄ ላይ ቀረ። ፀጉሩ ከነአረፋው ሳፋው ውስጥ ወድቋል። አልጣልኩትም። ሁለት ቀን አደረቅኩት፣ አሮጌውን ሙጫ በቢላ ፋቅሁ፣ ባለ ሁለት ቱቦውን የኢፖክሲ ሙጫ ቀላቅዬ መልሼ ለጠፍኩት። ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት አገለገለኝ። ስለዚህ የእናንተም ከወለቀ አትዘኑ፤ ይጠገናል።

እጀታውስ?

እርጥብና ሳሙናም የነካው እጅ ላይ የማያንሸራትት ይሁን። መሐሉ ጠበብ ያለ ይሻላል። ፕላስቲክ በቂ ነው። ቫርኒሽ ያልተቀባ እንጨት ውሃ እየጠጣ ይሰነጠቃል።

ጸጉር ቤት አንገት የሚጠርጉበት ብሩሽ አይሆንም?

አይሆንም። እሱ ደረቅ ፀጉር ለማራገፍ የተሠራ ነው። ትልቅ ነው፣ ውሃ ሲነካው ይልፈሰፈሳል። የሴቶች የፓውደር ብሩሽ፣ ጥቅጥቅ ያለውና አጭር የሆነው፣ ከቸገረ ይሠራል። የቀለም ብሩሽ ፊታችሁን አታስነኩ።

በብርዱ ምን ላድርግ? ሸዋ ሮቢት ስሄድስ?

ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት ሣሩ ላይ ውርጭ ነጭ ሆኖ ይታያል። በዚያ ሰዓት በቧንቧ ውሃ መላጨት ፊትን መበደል ነው። ቆዳው ይኮማተራል፣ ፂሙም ይጠነክራል። ለሻይ ከጣዳችሁት ውሃ አንድ ኩባያ ቀንሱ፤ ይበቃል።

ግን የፈላ ውሃ ብሩሹ ላይ አታፍስሱ። እኛ ከፍታ ላይ ውሃ የሚፈላው 90 ዲግሪ አካባቢ ነው። ይህም ሙጫውን ለማላላት ከበቂ በላይ ነው። ጣታችሁን ከትታችሁ የምትታገሡት ሙቀት ልክ ነው። እኔ ሁለት ኩባያ እጠቀማለሁ። ትንሹን ኩባያ ሙቅ ውሃ ያለው ትልቁ ኩባያ ውስጥ አስቀምጬ አረፋውን እሱ ውስጥ አዘጋጃለሁ። አረፋው እስከ መጨረሻው ለብ እንዳለ ይቆያል። ብርድ አገር ለሚኖር ሰው ይህችን ነገር ከልቤ እመክራለሁ።

ጣርማ በርን አልፋችሁ ሸዋ ሮቢት ስትወርዱ ነገሩ ይገለበጣል። ሙቀቱ አረፋውን ፊት ላይ ያደርቀዋል። ብሩሹን ደጋግማችሁ ጫፉን ብቻ ውሃ እያስነካችሁ ቅቡ። እዚያ በቀዝቃዛ ውሃ መላጨትም ደስ ይላል።

አረፋ አልወጣልህ አለኝ። ብሩሹ ነው ችግሩ?

ብዙውን ጊዜ ውሃው ወይም ሳሙናው ነው።

ከሳሙናው እንጀምር። የልብስ ሳሙና አይሞከር፣ ቆዳ ይልጣል። የገላ ሳሙና አረፋ አለው፣ ግን አረፋው አየር ነው፤ ምላጩን ሳታነሱ ይጠፋል። ለመላጨት ተብሎ የተሠራ ሳሙና ወይም ክሬም ፈልጉ። እንደ ቱርኩ አርኮ ያለ በዱላ መልክ የተሠራ ሳሙና ካገኛችሁ ርካሽ ነው፤ ቀጥታ እርጥብ ፂም ላይ አሽታችሁ በብሩሽ ታስነሱታላችሁ።

ሰው ሠራሽ ብሩሽ ላይ ሰው የሚሳሳተው ውሃ በማብዛት ነው። ንከሩት፣ ሁለት ሦስት ጊዜ አራግፉት፣ ከዚያ ሳሙናው ላይ ግማሽ ደቂቃ አዙሩት። መጀመሪያ ወፍራም ሊጥ ይመስላል። ኩባያው ውስጥ ጠብታ ጠብታ ውሃ እየጨመራችሁ አዙሩ። አረፋው የሚያብለጨልጭ፣ ወፍራም እርጎ ሲመስል ደርሷል። ትልልቅ የአየር ፊኛ ካያችሁ ውሃ በዝቷል። ደረቅ ሆኖ ፊት ላይ ከቆመ ውሃ ይጨመር።

አንዳንድ የጉድጓድ ውሃ ኖራ ይበዛበታል። ሳሙናው አረፋ ከመሆን ይልቅ ነጭ ዝቃጭ ይሆናል። በክረምት ከጣራ የተጠራቀመ የዝናብ ውሃ ካላችሁ አጣርታችሁ አሙቁት። ልዩነቱን በመጀመሪያው ቀን ታዩታላችሁ።

በየቀኑ ስላጭ ብጉር ይወጣብኛል። ብሩሽ ያድነኛል?

ይረዳል እንጂ ብቻውን አያድንም። ፂማችን ጥቅልል ስለሆነ በጣም ከሥሩ ሲቆረጥ ጫፉ ተመልሶ ቆዳ ውስጥ ይገባል። ብጉሩ የሚመጣው ከዚያ ነው። በብሩሽ በደንብ ካራሳችሁት በኋላ ፀጉሩ ወደሚያድግበት አቅጣጫ ብቻ ላጩ። ምላጩን አትጫኑ፣ አንድ ቦታ ላይ አትደጋግሙ። ብጉሩ ካበጠና መግል ከያዘ እስኪድን መላጨቱን አቁሙና ጤና ጣቢያ ታዩ። በዚያ ቦታ ላይ ብሩሽ ማሻሸትም ይቅር።

ለሐዘን ያሳደግኩትን ፂም ልላጨው ነው። በብሩሽ ይሆናል?

ይሆናል፣ ግን መጀመሪያ በመቀስ ወይም በማሽን አሳጥሩት። እስከ አርባ የቆየ ፂም ምላጭን ወዲያው ይደፍናል። ሲያጥር ሙቅ ውሃ የነካ ፎጣ ፊታችሁ ላይ አቆዩ፣ ከዚያ ከወትሮው ረዘም ላለ ጊዜ በብሩሽ እሹት። አዲስ ምላጭ ይሁን። ከዚያ ሁሉ ጊዜ በኋላ ቆዳው እንደ ሕፃን ቆዳ ስስ ነው። ሌላ ሰው እየላጫችሁ ከሆነም ቀስ እንዲል ንገሩት። እግዚአብሔር ያጽናችሁ።

ከወንድሜ ጋር በአንድ ብሩሽ ብንጠቀምስ?

አይሆንም። ምላጭ እንደማትዋሱት ሁሉ ብሩሽም አትዋሱ። ጭርትና የቆዳ ቁስል ይተላለፋል፤ ደምም ሊነካው ይችላል። ጸጉር ቤት የምትላጩ ከሆነ የራሳችሁን ብሩሽ ይዛችሁ ሂዱ። ጥሩ ባለሙያ ይህን አይጠላም።

እንዴት ላጽዳው? የትስ ላስቀምጠው?

ተላጭታችሁ ስትጨርሱ ለብ ባለ ውሃ ሳሙናው እስኪወጣ እጠቡት። በእጃችሁ ጨምቁት፣ አይጠምዘዝ። አራግፉት፣ በፎጣ ላይ ወዲያና ወዲህ አድርጉት፣ ነፋስ የሚያገኘው ቦታ አቁሙት። ዘቅዝቆ መስቀል ግዴታ አይደለም። ከሰል ምድጃ አጠገብ አታድርቁት። ሳይደርቅ ፌስታል ውስጥ አታስገቡት፤ ይሻግታል። መንገደኛ ከሆናችሁ ክዳኑ የተበሳሳ ዕቃ ውስጥ አድርጉት።

በወር አንድ ጊዜ በሻምፖ እጠቡት። ሥሩ ላይ ነጭ ነገር ከተጋገረ አንድ እጅ አቼቶ ለአሥር እጅ ውሃ ቀላቅላችሁ ለአሥር ደቂቃ ዘፍዝፉትና በደንብ አለቅልቁት።

ስንት ዓመት ይቆያል?

በየቀኑ የምትጠቀሙበት ርካሽ ሰው ሠራሽ ብሩሽ፣ ሙጫው ጥሩ ከሆነና ብሩሹ ሁልጊዜ በደንብ ከደረቀ፣ ዓመታት ይሄዳል። የሚገድለው እርጥበት ነው። አባቴ የእንጨት እጀታ ያለው ብሩሽ ነበረው። ሁልጊዜ እንደራሰ መስኮቱ ደፍ ላይ ያቆመዋል። አንድ ክረምት እጀታው ከላይ እስከ ታች ተሰነጠቀ፣ በስንጥቁ ውሃ ገባ፣ ሥሩ ጠቆረ። ፀጉሩ ግን ገና ጤነኛ ነበር።

ፀጉር በየቀኑ መርገፉ ካላቆመ፣ መሐሉ ላይ ጉድጓድ ከታየ፣ ወይም ታጥቦም የሻጋታ ሽታው ካልለቀቀ ቀይሩት። አሮጌውን አትጣሉት፤ ጫማ ላይ ያለ አቧራ ለማራገፍ ይሆናል።